የ12 ልጆች አማካይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ? እኔ ለጋዜጣ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። አነባለሁ፣ አንዳንዴም ብቻዬን እየተሟገትኩ አነባለሁ፣ ከዚያ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። የሰሞኑን ግን ማጠፍ አቃተኝ። የትንንሽ ከተሞችን የመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በውጤት ደርድራችሁ ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ነበር። ልጄ የምትማርበት ከታች ሁለተኛ ነው። ስሙን እኔ አልደግመውም፤ አንዴ መጠራቱ ይበቃዋል።

ጎረቤቴ ጋዜጣውን ይዛ መጣች። ሠንጠረዡን በጣቷ እያሳየችኝ "ልጅሽን ልታስወጪያት ነው?" አለችኝ። "ወዴት?" አልኳት። ትንሽ አሰበች። እሷም መልስ የላትም፣ እኔም የለኝም፣ ሁለታችንም ሳቅን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ "ወዴት?" ናት። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቁጥሩ ላውራ።

እኛ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች 12 ናቸው። ሠንጠረዣችሁ ላይ የሚታየው ግን መቶኛ ብቻ ነው፤ ከመቶኛው ጀርባ ስንት ልጅ እንዳለ አይናገርም። 12 ልጅ ባለበት ክፍል 7ቱ "ለአንደኛ ክፍል ዝግጁ" ከተባሉ 58 በመቶ ይሆናል። 9 ከሆኑ ደግሞ 75። ይህ ልዩነት ጋዜጣ ላይ ሲታይ ገደል ያህላል፣ ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ልጅ ነው። አንዱ የዚያን ቀን ትኩሳት ይዞት ነበር እንበል። አንዷ ደግሞ እንግዳ ሰው ስታይ አፏ ይያዛል። በቃ፣ ትምህርት ቤቱ "ደካማ" ተባለ።

ሳንቲም 10 ጊዜ ብትወረውሩ 8ቱ በአንድ ፊት ሊወድቅ ይችላል፣ ማንም አይገረምም። 1,000 ጊዜ ወርውራችሁ 800ው በአንድ ፊት ከወደቀ ግን ሳንቲሙን መርምሩት። ትንሽ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው። በማንኛውም የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ትንንሾቹ ከላይ ጫፍም ከታች ጫፍም ተኮልኩለው ታገኟቸዋላችሁ፣ ትልልቆቹ መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ትንንሾቹ በጣም ጎበዝ ወይም በጣም ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ነው የሚዘሉት። ዘንድሮ ከታች ሁለተኛ የሆነው በሚቀጥለው ዓመት ከላይ ሦስተኛ ቢሆን "ተአምራዊ ለውጥ" ብላችሁ እንደምትጽፉም እገምታለሁ። ያኔም እንዲሁ እጽፍላችኋለሁ።

አፏ የሚያዘው የእኔዋ ናት፣ ልንገራችሁ። ፈተና ሊሰጡ የመጡት ሴትዮ ሥዕል ያለበት ካርድ አውጥተው "ይህ ምንድን ነው?" አሏት። ዝም። ሌላ ካርድ አወጡ። ዝም። ሦስተኛው ላይ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተሞላ መገመት አያቅተኝም። ወደ ቤት ስንመለስ "ለምን አልነገርሻቸውም?" ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ከሥሩ ተጽፎበታል እኮ፣ ለምን አያነቡትም?"

እንግዲህ ይህች ልጅ ሥዕል ሥር ያለው ጭረት የሥዕሉ ስም መሆኑን አውቃለች። ማንበብ አትችልም፣ ጽሑፍ ግን የሆነ ነገር እንደሚናገር ገብቷታል። ማንበብ የሚጀመረው ደግሞ ከዚያ ነው፣ ከፊደል በፊት የሚመጣው እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ለእሱ የሚሆን ሳጥን አልነበረም፣ ስለዚህ ዜሮ አገኘች።

ሌላም አለ። እኛ ክፍል ውስጥ 4 ዓመት የሞላቸውም፣ 6 ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውም አብረው ነው የሚማሩት። ለ4 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜዋ ሩብ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል የምትገባው በሚቀጥለው ዓመት አይደለም፣ ከዚያም በኋላ ነው። ገና ሳይደርስባት "ዝግጁ አይደለችም" ተባለች። አዎ፣ አይደለችም! ዝግጁ ብትሆን ነበር የሚያስገርመኝ።

አሁን ወደ "ወዴት?"።

ሰው "አማራጭ" ሲል የሆነ መደርደሪያ ይታየዋል መሰለኝ፣ ቆመህ አይተህ የምታነሳበት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ወላጅ ግን መደርደሪያ የለውም። አንደኛው አማራጭ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለችው አንዲት ክፍል ናት፣ የእኛዋ። ሁለተኛው ሌላው ዳር ላይ ያለው፣ ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠራው ነው። የ4 ዓመት እግር ያን መንገድ ጠዋት ሄዶ እኩለ ቀን ላይ አይመለስም፣ ቢመለስም የሚቀበለው ሰው ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛው የግል ነው፣ ለሚችል። አራተኛው ቤት መዋል ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው አራተኛውን ነው፣ "መረጠ" ከተባለ። እናንተ ሠንጠረዡን "ወላጆች በመረጃ ላይ ተመሥርተው እንዲወስኑ" ብላችሁ ነው ያቀረባችሁት። በምን ላይ እንወስን?

ታላቅ ልጄን ሁለተኛው ቦታ አስገብቼው ነበር፣ አያቱ በአቅራቢያው ትኖር ስለነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንደርስ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አስተማሪዋ ታማለች። ተተኪ የለም። ማንም አልነገረንም፣ በሩ ነው የነገረን። ሦስት ሳምንት ተዘጋ። ቀደም ሲልም አንድ ሁለት ቀን እየተዘጋ ይከፈት ነበር፣ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ደግሞ ስብሰባ። ያ ትምህርት ቤት እናንተ ሠንጠረዥ ላይ ከእኛው ስድስት ደረጃ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በዓመት ስንት ቀን ተከፈተ የሚል ዓምድ ግን የለም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስገባው ዓምድ እሱን ነበር። ያልተከፈተ ትምህርት ቤት ጥሩ ወይ መጥፎ ሊባል አይችልም፣ አልነበረማ።

ወሬዬ ሁሉ ምሬት እንዳይመስላችሁ። አንድ የሚያስደስተኝ ነገር ላንሳ። በአማርኛ ለዚህ ቦታ ሁለት ስም አለን። አንዱ መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ "ዋለ" ከምንለው ጋር ዘመድ ነው፣ ልጆች የሚውሉበት። ሌላው አፀደ ሕፃናት ነው፣ የሕፃናት የአትክልት ቦታ። ይህኛው ልክ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል እንዳወጣው ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1837 ሥራውን የጀመረው ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። በ1840 "ኪንደርጋርተን" የሚለውን ስም ሰጠው። ልጆቹ በኳስ፣ በእንጨት ብሎኬት፣ በመዝሙር ይጫወቱ ነበር፣ የምር የአትክልት መደብም ነበራቸው። በ1851 የጀርመኗ ፕሩሲያ መንግሥት አደገኛ ነው ብሎ ከለከለው። ብሎኬት የሚደረድሩ ልጆችን የፈራ መንግሥት! ክልከላው ሲነሳ 1860 ሆኗል፣ ፍሮበል በ1852 ሞቷል።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ይህ ነገር የተወለደው ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ትንሽ ከተማ ማለት የትልቅ ከተማ ጉድለት ተደርጎ ሲቆጠር ስለሚያናድደኝ ነው።

ወደ ውጤት ልመለስ። ሠንጠረዣችሁ ሥር "ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቅድመ መደበኛ ትምህርት የልጆችን የወደፊት ሕይወት ይቀይራል" ትላላችሁ። የትኞቹ ጥናቶች? እኔ ሥራ ፈትቼ ሳይሆን እንቅልፍ አጥቼ ሌሊት ሌሊት አነበብኩ። ሁሉም የሚጠቅሰው አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ የተደረገውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 የተካሄደ ነው። ከድሃ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የመጡ 123 ልጆች ነበሩ፤ 58ቱ ፔሪ ወደሚባለው ቅድመ መደበኛ ገቡ፣ 65ቱ አልገቡም። የገቡት በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይማሩ ነበር። በሳምንት አንዴ ደግሞ አስተማሪዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ከእናትየውና ከልጁ ጋር ትቀመጥ ነበር።

"12 ልጅ ጥቂት ነው እያልሽ 123 ልጅ ታመጪብናለሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። 123ም ብዙ አይደለም። ልዩነቱ አጥኚዎቹ ልጆቹን አርባ ዓመት እስኪሞላቸውና ከዚያም በኋላ መከታተላቸው ነው። መጀመሪያ የልጆቹ የአእምሮ ፈተና ውጤት ከፍ አለ። ከዚያ አንደኛ ደረጃ ውስጥ እያሉ ልዩነቱ ተነነ። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ሠንጠረዥ ቢያወጣ ኖሮ "ገንዘቡ ባክኗል" የሚል ርዕስ ይሰጠው ነበር። በ40 ዓመታቸው ሲታዩ ግን የገቡት ካልገቡት ይልቅ ሥራ ላይ ነበሩ፣ የተሻለ ገቢ ነበራቸው፣ የታሰሩበትም ጊዜ ያነሰ ነበር። ፈተናው ያላየውን ሕይወት አየው።

አሁን ተቃራኒውን ስሙኝ፤ ይሄኛው ብዙም አይወራለትም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የከፈተው ቅድመ መደበኛ ነበር። ቦታ ሲያንስ በዕጣ ተለዩ፣ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች 2,990 ልጆችን ተከታተሉ። በዓመቱ መጨረሻ የገቡት ልጆች ቀድመው ነበር፤ ፊደል ይለያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ "ዝግጁ" ናቸው። ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ይወጡ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ላይ ካልገቡት ልጆች በታች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ ይብሱኑ ወደኋላ እንደቀሩና በሥነ ምግባር ጥፋትም በብዛት እንደተመዘገቡ አሳየ። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ታየኝ። በልጅነት የሚሰጥ ፈተና አንዱን ቦታ ለዘለቄታው ያልረባ አስመሰለው፣ ረብቷል። ሌላውን ቦታ የተሳካ አስመሰለው፣ አልተሳካም። ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳተ፣ በተለያየ አቅጣጫ። እናንተ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ፈተና ይዛችሁ 12 ልጆች ላይ ደረጃ አወጣችሁ።

"ታዲያ በምን እንመዝን?" ጥያቄው ተገቢ ነው። የምመልሰው ያየሁትን በመንገር ነው።

አንድ ቀን መምህሯን አስፈቅጄ ክፍሉ ውስጥ ጠዋቱን ሙሉ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያየሁት ሰልፍ ነው፤ ልጆቹ እጅ ሊታጠቡ ተሰልፈዋል። እኔ ሰልፍ ሲባል የባከነ ጊዜ ነው የሚታየኝ። መምህሯ አንዱን ልጅ "ከፊትህ ስንት ልጅ አለ?" አለችው። ቆጠረ፣ "3"። "አንተ ስንተኛ ነህ?" "3ኛ"። ከኋላው ያለችው ልጅ "አይደለህም! 4ኛ ነህ!" ብላ ጮኸች። ክርክር ተነሳ። መምህሯ አልፈረደችም። "እስቲ እንየው" አለችና ሁሉም ከፊት ጀምረው ቁጥራቸውን ተራ በተራ ጮክ ብለው ጠሩ። ልጁ "4" ሲል ራሱ ሳቀ። ከፊት ያሉት ስንት መሆናቸውና የራስ ተራ ስንተኛ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ ውሃ ጠብ ሲል ገባው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ትምህርቱ 10 ደቂቃ ዘገየ ብሎ ይጽፍ ነበር።

ቀጥሎ ብሎኬት። ግንቡ ተናደ። እኔ ብሆን "ከሥር ሰፊውን አድርግ" እለው ነበር፣ በቅን ልቦና። እሷ "ለምን ወደቀ?" አለችና ዝም አለች። ዝምታውን በልቤ ቆጠርኩት፣ 1፣ 2፣ 3። እኔ 2 ላይ መልሱን ተናግሬ በገላገልኩት። እሷ 6 ድረስ ጠበቀች። ልጁ "ትልቁ ላይ ነበረ" አለ። "እና?" አለችው። የቀረውን አልነግራችሁም፣ ገባችሁ።

ታላቁ ልጄ የነበረበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ልጆቹ ፊደሉን በዜማ ይወጡት ነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ላይ፣ በከፍተኛ ድምፅ። ሲሰማ ያምራል። እኔም ኮርቼ ነበር። አንድ ቀን ከመሃል አንዱን ፊደል ነጥዬ "ይህ ማን ነው?" ብለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ዜማውን እያለ በጣቱ እየተከተለ እዚያ ደረሰና ነገረኝ። ፊደሉን አያውቀውም፣ ሰፈሩን ነው የሚያውቀው። ፈተና ላይ ግን ያልፋል፣ አልፎም ነበር። ከእኛው ስድስት ደረጃ ከፍ ያለው ያ ቦታ ነው እንግዲህ።

ይህን መመዘን አይቻልም እንዳትሉኝ። ይቻላል። "ክላስ" የሚባል መመዘኛ አለ፣ የሠለጠነ ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አስተማሪዋ ከልጆቹ ጋር እንዴት እንደምትነጋገር፣ ክፍሉን እንዴት እንደያዘችው፣ ማሰብ የሚያስፈልገው ጥያቄ ትጠይቅ እንደሆነ እያየ ከ1 እስከ 7 ነጥብ የሚሰጥበት። ልጁን አይፈትንም፣ ክፍሉን ነው የሚያየው። ልጄ መሬት መሬት ማየት አያስፈልጋትም ማለት ነው። ልፋት አለው፣ ሰው ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ያ ሁሉ እውነት ነው። ካርድ ይዞ መምጣት ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም መንግሥታት ሁሉ በተስማሙበት የዘላቂ ልማት ግብ ውስጥም ሁለቱ ቃላት አብረው አሉ፤ እስከ 2030 ሁሉም ልጆች "ጥራት ያለው" ቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲያገኙና ለአንደኛ ደረጃ "ዝግጁ" እንዲሆኑ። ሁላችንም ሁለተኛዋን ቃል አንስተን ሮጥን። የመጀመሪያዋን የሚለካልን አጣን።

የእኛን ትምህርት ቤት ያለ ነቀፋ ላልፈው አልፈልግም፤ እውነት ለመናገር ጉድለቱ ብዙ ነው። መምህሯ ብቻዋን ናት። አንድ ልጅ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ወይ ልጁ ብቻውን ይሄዳል፣ ወይ 11ዱ ብቻቸውን ይቀራሉ። መጸዳጃ ቤቱ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ነው፣ ሩቅ ነው፣ የእኔዋ ቤት እስክትመለስ ትይዘዋለች። አሜሪካ ውስጥ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቅድመ ትምህርት ጥናት ተቋም ለጥራት ከሚያስቀምጣቸው መለኪያዎች ሁለቱ በአንድ ክፍል ከ20 ልጅ አይብለጥ፣ ለ10 ልጅም ቢያንስ አንድ አዋቂ ይኑር የሚሉ ናቸው። በክፍሉ ቁጥር እኛ እናልፋለን። በአዋቂው በሁለት ልጅ እንወድቃለን፣ አንዲት ረዳት ብትቀጠር ነገሩ ያልቃል። መጽሐፎቹ ጥቂት ናቸው፣ የቀሩትም ሽፋን የላቸውም። የእረፍት ሰዓት ከትልልቆቹ ጋር አንድ ላይ ነው፣ ኳስ ሲመጣ ትንንሾቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ይሄ ነው። የአንደኛ ክፍል በር ከእኛ በር ግቢው ማዶ ነው፣ 30 እርምጃ አይሞላም። በሁለቱ በሮች መካከል ወሬ የለም። የአንደኛ ክፍሉ አስተማሪ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣለት አይጠይቅም፣ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራቸዋል። ታላቁ ልጄ አንደኛ ክፍል ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የሚያውቀውን ሲማር ቆየ፣ ከዚያ መስኮት ማየት ለመደ፣ ከዚያ "ትኩረት የለውም" ተባለ። ቅድመ መደበኛ ላይ የተገኘው ነገር አንደኛ ደረጃ ላይ ሲተን ጥፋቱን ሁሉ ቅድመ መደበኛው ላይ የምንጭነው ለምንድን ነው? ትልቅ ከተማ ውስጥ ቢሆን "ተቋማቱ ተራርቀው ነው" ይባላል። እዚህ እኮ ቢጣሩ ይሰማማሉ።

በዚያው ልክ ትንሽ መሆን የሚሰጠውም አለ። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች አንድ ላይ ያስቀመጥነው ክፍል ስለሌለን ነው። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንተሶሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ስትከፍት ትንንሾቹንም ከፍ ያሉትንም አንድ ላይ ነው ያደረገችው፤ የእሷ ዘዴ እስከዛሬ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉትን አብሮ ያስተምራል። ልጄ የጫማ ማሰሪያ ማሰር የተማረችው ከእኔ አይደለም፣ ከመምህሯም አይደለም፣ 6 ሊሞላው ከደረሰው ልጅ ነው። እሱም እሷን ሲያሳይ ቀስ ብሎ መናገር ተማረ፣ እናቱ ነች የነገረችኝ። ችግሩ መቀላቀሉ ላይ አይደለም። መምህሯ ለዚህ የሚሆን ሥልጠናም መሣሪያም ሳይሰጣት "አንቺው እንደምንም ተወጪው" መባሏ ላይ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ሬጂዮ ኤሚሊያ ከምትባል ከተማ አጠገብ ቪላ ቼላ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ እንዳበቃ የመንደሩ ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ የጭነት መኪናና ፈረሶች ሸጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መገንባት ጀመሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የሚባል ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አያቸው፣ በዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው ሊያይ የሚሄድበት የሬጂዮ ኤሚሊያ አሠራር የተነሳው ከዚያ ነው። ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያወሩት "ወላጆች ከፈለጉ ይችላሉ" ለማለት ነው። እኔ የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ነው፤ በ1963 ከተማው ራሱ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ በሕዝብ ገንዘብ መክፈት ጀመረ። ወላጆቹ ጀመሩት፣ ኃላፊነቱን የተረከበው ግን መንግሥት ነው። እኛ ዘንድ የሚሸጥ ታንክ የለም። መረከብ ያለበት አካል ግን አለ፣ ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም አለው።

እናንተን የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሠንጠረዥ አታውጡ አልልም፣ ተደብቆ ከሚቀር ይውጣ። ግን ከመቶኛው አጠገብ የልጆቹን ቁጥር አስቀምጡ። ከ20 በታች ለሆነ ክፍል የአንድ ዓመት ውጤት አታትሙ፣ የሦስት ዓመቱን ደምራችሁ አትሙ። ልጆቹ ሲገቡ ምን ላይ እንደነበሩ ካልታወቀ ሲወጡ ያሉበት ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም አይነግረንም፣ ስለ ቤታቸው ነው የሚነግረን። ዕድሜያቸውን በወር ጻፉ። ደግሞም ማንም የማይጠይቀውን እናንተ ጠይቁ፤ በዓመቱ ስንት ቀን ተከፈተ፣ በሦስት ዓመት ስንት አስተማሪ ተቀያየረ፣ አስተማሪዋ ብትታመም ማን ይገባል። ይህን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያውቀዋል ወይም ሊያውቀው ይገባል። ካላወቀው ደግሞ እሱም ዜና ነው፣ አትሙት።

አስተማሪ መቀያየሩን በተለይ አደራ። ቁልፍ በተንጠልጠለበት በር ፊት የቆምነው ወላጆች የተነጋገርነው ስለ ፊደል አልነበረም። ልጄ ሌሊት እየተነሳ "ቲቸር ትመጣለች?" ይለኝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ያቺ አስተማሪ ለቃ ሄደች፣ የተሻለ ደሞዝ አግኝታ፣ አልፈርድባትም። ከእሷ በኋላ የመጣችው ስድስት ወር ቆየች። የ4 ዓመት ልጅ ሰውን አምኖ አፉን እስኪከፍት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቃል። በየስድስት ወሩ አዲስ ሰው ማመን ልጅ ቀርቶ እኔም አልችልበት።

የእኛዋ መምህር ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አታውቅም። ሠንጠረዡን ግን አይታዋለች። ማግስቱ ጠዋት ልጄን ሳደርስ ፊቷን አየሁት። ምንም አላለችም። "ደህና አደርሽ?" አልኳት፣ "ደህና" አለችኝ፣ ልጆቹን አሰለፈች። ደግሞም እንደ ወትሮው "ከፊትሽ ስንት ልጅ አለ?" ስትል ከበሩ ላይ ሰማኋት።

ከእናንተ አንድ ሰው ይምጣ። ካርድ አይያዝ። ጠዋቱን ሙሉ ይቀመጥ፣ እኔ አስፈቅድለታለሁ። ወንበሩ ግን የልጆቹ ነው፣ ከጉልበት በታች ነው፣ ሲነሳ የሚይዘው ነገር ይፈልግ። እኔ ያን ቀን የተነሳሁት በሁለት ልጆች ተጎትቼ ነው፣ አንዷ "ከባድ ናት!" እያለች።

የ12ቱ የአንዷ እናት